ስለ መረጃ ቋትና ስለ አያያዙ፤ ከላስታ መዝገቦች ጋር በማነጻጸር

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተነበበ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ እንድንናገርበት የተመደበልን ርእስ «የመረጃ ቋት» የሚባለው ነው። ርእሱ ከታወቀ ወዲህ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል?» ሲሉ ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን አስቀድመን እንስጥ። የመረጃ ቋት ትምህርት ስለ ኮምፒዩተር ከመሆኑ በፊት ስለ መዝገብ ነው። አንድን ነገር በጽሑፍ ስናኖር ምን ብለን እንጽፈዋለን? ስንት ቦታ እንጽፈዋለን? ማን ይጽፈዋል? ማን ያርመዋል? ማንስ ያየዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የሕግም፣ የታሪክም፣ የጤናም፣ የእርሻም ተማሪ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ያገኛቸዋል። መልሳቸውም በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም፤ አንዱን ባለመሬት ያደርጋል፣ ሌላውን ባዶ እጁን ያስቀራል።

ምሳሌዎቻችንን ከሩቅ አገር አናመጣም፤ ከላሊበላና ከላስታ ደጋ እንወስዳለን። ላስታ ከ800 ዓመት ገደማ በፊት የተጻፈ የመሬት መዝገብ ያለው አገር ነው። በዘመናችንም የአማራ ክልል የገጠር መሬት መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር የላስታ ገበሬ ጉዳይ ከዚያ ውስጥ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናያቸው የዚህ ትምህርት መሠረተ ሐሳቦች ያለ ብዙ ድካም ይገለጡልናል።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ቋት በአገራችን ዱቄት የሚጠራቀምበት ነው። እንጀራ ጋጋሪዋም፣ ገንፎ የምታገነፋውም ከዚያው ከአንዱ ይዝቃሉ፤ እያንዳንዷ የራሷን ዱቄት በየጓዳው አትደብቅም። የመረጃ ቋትም እንዲሁ ነው። እርስ በርሳቸው የተያያዙ መረጃዎች ለታወቀ ዓላማ ተሰብስበው፣ ብዙ ተጠቃሚዎች በየፊናቸው የሚቀዱበት አንድ ማኖሪያ ማለት ነው። ይህን ማኖሪያ የሚጠብቀውና የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ደግሞ «የመረጃ ቋት አስተዳዳሪ» ይባላል። ይህን ለመረዳት የቤተ ክርስቲያንን ዕቃ ቤትና ቄሰ ገበዙን ማሰብ ይበቃል። ማንም ሰው ወደ ዕቃ ቤቱ ገብቶ እንዳሻው መጽሐፍ አያነሣም፤ የሚፈልገውን ለቄሰ ገበዙ ይነግራል፣ እርሱም የሚገባ መሆኑን አይቶ ያወጣለታል፣ ሲመለስም ተቀብሎ በቦታው ያኖረዋል። በተጠቃሚውና በመረጃው መካከል ሁልጊዜ አንድ ጠባቂ አለ። የትምህርቱ ግማሽ ይኸው ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ንጉሥ ላሊበላ ለአብያተ ክርስቲያናት የሰጠው ጉልት በወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ተጽፏል። ለምን በወንጌል? ወንጌል ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ የሚከበርና የሚጠበቅ ስለሆነ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ውስጥ ሰጪው፣ ተቀባዩና የተሰጠው መሬት ይጠቀሳሉ፤ በዚያን ጊዜ ሹም የነበሩትም በምስክርነት ይዘረዘራሉ። በመጨረሻም ጽሑፉን የሚፍቅና ስጦታውን የሚቀማ ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። ዛሬ «የመረጃ ደኅንነት»፣ «የመረጃ ትክክለኛነት» እየተባለ የሚጠናው ነገር በዚህ ገጽ ላይ በዘመኑ መልክ ተሟልቶ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ይህ መዝገብ አንድ ጉድለት አለው። ጥያቄ አይመልስም። «ንጉሡ በዘመኑ የሰጠው ጉልት በጠቅላላው ስንት ነው? ለማን ለማን ሰጠ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከደብር ደብር መዞር፣ እያንዳንዱንም ወንጌል መግለጥ አለበት። ጽሑፉ ተጠብቋል፤ መረጃው ግን በየዕቃ ቤቱ ተለያይቶ ተቀምጧል። መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሲጠይቁት እንዲመልስ ማድረግ ሌላ ነገር ነው። የመረጃ ቋት ሁለቱንም የሚፈልግ ነው።

የዘመናችን መሥሪያ ቤቶችስ ከዚህ ይሻላሉ? አንድ የላስታ ገበሬ ስሙ ስንት ቦታ እንደሚጻፍ እንቁጠር። በመሬት ጽሕፈት ቤት አለ፤ በግብር ሰብሳቢው ዘንድ አለ፤ በጤና መድን ዝርዝር አለ፤ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው በሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፈ በዚያም አለ። ሁሉም የየራሳቸው ደብተር አላቸው። ከዚህም ሦስት በሽታዎች ይወለዳሉ። አንደኛው መደጋገም ነው፤ አንድ ነገር አራት ጊዜ ይጻፋል። ሁለተኛው መጋጨት ነው፤ ሰውየው ሲሞት ወይም ልጅ ሲወለድለት አንዱ ደብተር ይታረማል፣ ሦስቱ እንደ ነበሩ ይቀራሉ፤ ከአራቱ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። ሦስተኛው መታሰር ነው፤ ደብተሩ የሚገባው ለጻፈው ሰው ብቻ ይሆናል፤ ጸሐፊው ፈቃድ በወጣ ቀን ባለጉዳዩ «ነገ ተመለስ» ይባላል። በእግር ግማሽ ቀን ተጉዞ ለመጣ ገበሬ «ነገ ተመለስ» ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

ለእነዚህ በሽታዎች መድኃኒት ካቀረቡት ሊቃውንት ስሙ የታወቀው ኤድጋር ኮድ ነው። ይህ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሰው በአሜሪካ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሲሠራ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሥርዓቶች መረጃ የሚፈልግ ፕሮግራም መረጃው የተቀመጠበትን መንገድ ማወቅ ነበረበት፤ ልክ በማያውቁት አገር ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከዋርካው በስተግራ ታጥፎ እንደሚባለው ማለት ነው። መንገዱ ሲለወጥ ፕሮግራሙ ይጠፋል። ኮድ ያቀረበው ሐሳብ ግን፣ መረጃው ሁሉ በቀላል ሠንጠረዦች ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፤ መንገዱን አስተዳዳሪው ይፈልግ የሚል ነበር። ከዚህም ተነሥተው እዚያው ኩባንያ የነበሩት ቻምበርሊንና ቦይስ በ1974 እ.ኤ.አ. አንድ የመጠየቂያ ቋንቋ አወጡ፤ ይኸውም ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. እየተባለ በመላው ዓለም የሚሠራበት ነው። በዚህ ቋንቋ «ከአንድ ሄክታር በታች ይዞታ ያላቸውን የዚህን ቀበሌ ሰዎች ስም አምጣልኝ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። የት እንዳሉ መናገር አያስፈልግም።

ሠንጠረዥ ማለት ሁላችንም የምናውቀው ነው። አግድም ያለው ረድፍ አንድን ሰው ወይም አንድን ማሳ ይወክላል፤ ቁልቁል ያለው ዓምድ ስለዚያ ነገር የምንጠይቀውን አንድ ጥያቄ ይወክላል። ነገሩ ሁሉ የሚከብደው ረድፉን ከረድፍ በምን እንለየው ሲባል ነው። እዚህ ላይ «ቁልፍ» የሚባለው ሐሳብ ይመጣል።

ስም ቁልፍ ይሆናልን? አይሆንም። በላስታ «ጊዮርጊስ» ብሎ የመዘገበ ሰው የቱን መዘገበ? በላሊበላ ከተማ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ አለ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ቢልባላ ጊዮርጊስ አለ። «ማርያም» ቢልስ? ቤተ ማርያም፣ አሸተን ማርያም፣ ገነተ ማርያም አሉ። የሰው ስምማ ከዚህ ይብሳል። እኛ በስማችንና በአባታችን ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ በአንድ ቀበሌ ተመሳሳይ ስምና የአባት ስም ያላቸው ሰዎች መገኘታቸው አያስደንቅም። በዚያ ላይ አንዱ ሰው የዓለም ስም፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ስምም ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ቁልፍ የማይደገም፣ የማይለወጥ፣ ባዶ የማይሆን ምልክት መሆን አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ነው። በዚህ ሥራ ወደ 9000 የሚደርሱ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፊልሞቹም በአሜሪካ በሚኔሶታ ይገኛሉ፤ ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ደክመዋል። እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ተሰጥቶታል። የላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል ቁጥሩ 6907 ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ የደብሩን ስም በራሱ ፊደል ቢጽፈው፣ ጣልያናዊው በሌላ ቢጽፈው፣ በቁጥሩ ግን አንዱን መጽሐፍ ማለታቸው እንደሆነ ይተዋወቃሉ። የአንድ ቁጥር ጥቅም ይህን ያህል ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። የአማራ ክልል ለገጠር ባለይዞታዎች የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ማሳው የሚለየው በአዋሳኞቹ ነበር፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ መንገድ እየተባለ ይጻፋል። ይህ ለጎረቤት የሚገባ አጻጻፍ ነው። ነገር ግን በምሥራቅ ያለው እገሌ ሲሞትና መሬቱ ለልጁ ሲተላለፍ፣ የጎረቤቶቹ ደብተሮች ሁሉ ያለ ማንም ጥፋት ሐሰት ይሆናሉ። የአንዱ ሰው ነገር በሌሎች ሰዎች ረድፍ ውስጥ ተጽፎ ነበርና። በሁለተኛው ደረጃ ማሳው በካርታ ተለክቶ፣ ከክልል ጀምሮ እስከ ቀበሌ የሚወርድ የራሱ መለያ ቁጥር ተሰጠው። ለዚህም ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት የሚባለው ተዘጋጀ። እንግዲህ ማሳው የሚታወቀው በራሱ ቁጥር ነው፤ ጎረቤቱ ቢለወጥ የእርሱ ረድፍ አይነካም። የትምህርቱ አንድ ትልቅ ሕግ ከዚህ ይወጣል፡- እያንዳንዱ ነገር በራሱ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ፤ ሌላው ሲፈልገው በቁልፉ ይጥቀሰው እንጂ አይገልብጠው።

ይህን ሕግ በመከተል የመሬትን መዝገብ እንሥራ ብንል፣ ቢያንስ ሦስት ሠንጠረዥ ያስፈልገናል። አንዱ የሰዎች፣ አንዱ የማሳዎች፣ ሦስተኛው ደግሞ ማን በየትኛው ማሳ ላይ መብት እንዳለው የሚናገር የይዞታ ሠንጠረዥ። ሦስተኛው ለምን አስፈለገ? በማሳው ሠንጠረዥ ላይ «ባለቤት» የሚል አንድ ዓምድ ብንጨምርስ አይበቃምን? እዚህ ላይ ጓደኞቻችን በጥሞና እንዲያስቡ እንለምናለን። አንድ ዓምድ አንድ ስም ብቻ ይይዛል። ባልና ሚስት አብረው ባቀኑት መሬት ላይ አንድ ስም ብቻ ቢጻፍ የሚጻፈው የማን ስም እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ሚስቲቱን ማንም በክፋት አልሰረዛትም፤ ዓምድ ስላልተሠራላት ብቻ ጠፋች። ባልዋ የሞተ ወይም የፈታት ቀን ግን መጥፋትዋ ይታወቃታል። የአማራ ክልል ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ እንዲይዝ መደረጉ ትልቅ ቁም ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በሦስተኛው ሠንጠረዥም አንድ ማሳ ሁለትም ሦስትም ሰው ሊኖረው ይችላል፤ አንድ ሰውም ብዙ ማሳ ሊኖረው ይችላል።

እንግዲህ የንግግራችን ዋና ሐሳብ ይህ ነው። ሠንጠረዥ መሥመር ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ነው። ዓምዶቹን የሚያሰምረው ሰው ማን እንደሚታይና ማን እንደማይታይ አስቀድሞ ይወስናል። ኮምፒዩተሩ ከዚያ በኋላ የተወሰነውን በታማኝነት ይጠብቃል፤ በጎውንም ክፉውንም እኩል ይጠብቃል።

ከዚህ ቀጥሎ በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥሙ ሁለት ችግሮችን እናንሣ። አንደኛው የፊደላችን ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠሌዳ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ ሀ፣ ሐና ኀ ለጆሮአችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሦስት ናቸው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። በ«ዓለሙ» የተመዘገበን ገበሬ ጸሐፊው በ«አለሙ» ቢፈልገው «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። «የለም» መባል ደግሞ ለአንድ የእርዳታ ተረጂ እህል ማጣት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፣ በጎኑም ድምፀ ተመሳሳይ ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ይኑር። ግን ይህን ሠሪው አስቀድሞ ካላሰበበት ከውጭ የመጣው ፕሮግራም አያስብለትም።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ፕሮግራም የሁለተኛውን ወር 30ኛ ቀን አይቀበልም፤ 13ኛ ወር ቢጻፍለትም ስሕተት ነው ይላል። ጥቅምት 30 የተዳሩ፣ በጳጉሜ የተወለዱ ሰዎች ግን አሉን። ቀኑ ሲጻፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተወሰነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሳሳታል። ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ምክር እንጨምር፤ ዕድሜ አይጻፍ፣ የትውልድ ዘመን ይጻፍ። ዕድሜ በየዓመቱ ይለወጣል፤ የትውልድ ዘመን ግን አይለወጥም፣ ዕድሜም ከእርሱ ይሰላል። የትውልድ ቀኑ ካልታወቀም «አይታወቅም» ተብሎ ይተው። ጸሐፊው ባዶውን ላለመተው ሲል መስከረም 1 እያለ ከሞላው፣ ቀበሌው ሁሉ በእንቁጣጣሽ የተወለደ ይመስላል።

አሁን የአስተዳዳሪውን ፕሮግራም ሥራ ባጭሩ እንግለጽ። መሬት አይሸጥም፣ በውርስና በስጦታ ግን ይተላለፋል። አባት ለልጁ አንድ ማሳ ሲሰጥ ሁለት ነገር ይጻፋል፤ ከአባት ይቀነሳል፣ ለልጅ ይጨመራል። ከአባት ተቀንሶ ለልጅ ሳይጨመር መብራት ቢጠፋ ማሳው ባለቤት አልባ ይሆናል። በላስታ ደግሞ መብራት መጥፋቱ እንግዳ ነገር አይደለም። አስተዳዳሪው ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ይቆጥራል፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ይህም ትራንዛክሽን ይባላል። እንደዚሁም ሁለት ጸሐፊዎች አንዱን ረድፍ በአንድ ጊዜ ሊለውጡ ቢሞክሩ አንዱን ያስጠብቃል። ማን ማየት፣ ማን መጻፍ እንደሚችልም ይለያል፤ የተለወጠውን ማን እንደለወጠው ይመዘግባል። የጥንቱ ውግዘት የሚፍቀውን በነፍሱ ያስፈራራ ነበር፤ ይህኛው የፋቀውን በስሙ ያወጣዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ግልባጭ ማስቀመጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በዘለቀ ጊዜ አያሌ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል፤ የወልድያ ዩኒቨርሲቲም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። ወንበርና ጠረጴዛ በገንዘብ ይተካል። ግልባጭ የሌለው መዝገብ ግን አይተካም። ቅርስም እንዲሁ ነው። በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ከቤልጅግ በ1993 ዓ.ም. ሊመለስ የቻለው በዓለም ዘንድ የታወቀ ስለነበረ ጭምር ነው። በየገደሉ ባሉት የላስታ ገዳማት ያለው፣ ፎቶግራፉና ልኩ ያልተመዘገበው መስቀል ቢሰረቅ «የእኛ ነው» ብለን በምን እናስረዳለን?

በዚህ ሁሉ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንዱ «መብራትና መስመር በማይታመንበት አገር ወረቀቱ ይሻላል» የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህ ደብተሩ ከገበሬው እጅ አይውጣ እንላለን። ግን ከላይ የተናገርነው ሁሉ በወረቀትም ይሠራል። ቁልፍ ያለው፣ ያልተደጋገመ፣ ግልባጩ በሌላ ቦታ የተቀመጠ የወረቀት መዝገብ ከተዘበራረቀ ኮምፒዩተር ይበልጣል። ሁለተኛው ተቃውሞ «ኮምፒዩተር የገባ ስሕተት አይታረምም፤ ገበሬው ሲከራከር ጸሐፊው ማሽኑ እንዲህ ይላል ብሎ ያሰናብተዋል» የሚል ነው። ይህ የበለጠ ያሳስበናል። ማሽን ምንም አይልም፤ የሚለው የጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ረድፍ በሚገባው ቋንቋ እንዲነበብለት፣ ከተሳሳተም እንዲታረምለት መብት ሊኖረው ይገባል። ይህ መብት የሌለበት የመረጃ ቋት፣ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፣ በደልን የሚያፋጥን ብቻ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ተመርቀው በየወረዳው ይመደባሉ። ያን ጊዜ አንድ አለቃ «ፎርም አዘጋጅ» ብሎ ያዛችሁ ይሆናል። ሥራው ትንሽ ይመስላል። መስመሩን ከማስመራችሁ በፊት ግን ይህ ዓምድ ለማን ተሠራ፣ ማንስ ቀረ ብላችሁ ጠይቁ። በላስታ ዳገት ላይ ያለች አንዲት መበለት ስለ እናንተ ስም ሰምታ አታውቅ ይሆናል፤ ኑሮዋ ግን እናንተ ባሰመራችሁት ዓምድ ውስጥ ነው።

 ጥያቄም ተቃውሞም ያላችሁ እንድትሰነዝሩ በአክብሮት እንጋብዛለን።